የእናት ቤት ስም

ከጤና ሠራተኛ ሁሉ ምስጋና የማያውቀው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሐኪሙ ሲያድን ይመረቃል፤ መርፌ ወጊው "እጅህ ይባረክ" ይባላል። ካርድ አውጪዋ ግን ካርዱን ብታገኘው ግዴታዋ ነው፣ ብታጣው ደግሞ የገበያው ሁሉ መነጋገሪያ ትሆናለች። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ለማማረርም ነው። በደርግ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ካርድ አውጥቻለሁ።

ካርድ ክፍሉ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበርና የአገር አናጢ የሠራው ባለ ብዙ ሳጥን መደርደሪያ ነበረው። በየሳጥኑ ላይ ከ"ሀ" ጀምሬ ፊደሉን በቀለም ጽፌበታለሁ። ካርዱ ለሁለት የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ከላይ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ፣ ከውስጥ ሐኪሙ የሚጽፈው። ዕድሜው እንኳ ግምት ነበር። "ጣልያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር" ያሉኝን ሽማግሌ ስንት ዓመት ብዬ እንደጻፍኳቸው እግዜር ይወቀው። ለበሽተኛው ስሙ ካርዱ ላይ እንዳለ የተገለበጠባት ትንሽ ወረቀት እንሰጠዋለን፤ ያችን ይዞ ከተመለሰ ሥራዬ ቀላል ነው። ይዞ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነበር። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሯትና ከነጠላው ጋር ያጥቧታል። አንድ የማንኩሳ ገበሬ ደግሞ ከክታቡ ጋር በቆዳ አሰፍቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏት መጣ። ወረቀቷን ለማየት ክታቡን መቅደድ ግድ ሆነብኝና "ተይኝ እቴ፣ አንዱን በሽታ ስታወጪ ሌላውን ታስገቢብኛለሽ" ብሎ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሰው በቃሉ በሚነግረኝ ስም ላይ ወደቀ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጤና ረዳት ነበሩ፤ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ በእኛ በሠራተኞቹ ላይ ቶሎ የሚቆጡ፣ በሽተኛ ፊት ግን ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ሥራ የጀመርኩ ለት ከኪሳቸው ቀይ እርሳስ አውጥተው አሳዩኝ።

"ይችን አየሻት? መድኃኒት የማይስማማውን ሰው ካርድ በዚች ነው የማሰምርበት። ጧት ያየሁት ሰው መልክ ለማታ አይደርስልኝም። እኔ ብረሳ ካርዱ አይረሳም። ካርዱን ካላመጣሽልኝ ግን ዕውር ነኝ፤ ይህን ዕወቂ።"

ዐወቅኩ፤ ማለቴ፣ ያወቅኩ መሰለኝ።

በአምስተኛው ዓመቴ መደርደሪያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከአውራጃ ጎብኚዎች ይመጣሉ የሚል ደብዳቤም ደረሰ። እኔ ደግሞ ሥርዓት ወዳድ ነኝ፤ እናቴ "ይህች ልጅ እኮ ጤፉንም በመልክ በመልኩ ትደረድረው ነበር" ትለኛለች። ሦስት ዓመት ያልተነኩትን ካርዶች እየለየሁ አወጣሁ፣ በየፊደላቸው በቃጫ አሰርኩ፣ በባዶ የወተት ዱቄት ካርቶን ከትቼ ዕቃ ቤት አስገባኋቸው። ካርቶኖቹ ላይ "የሞቱ" ብዬ ጻፍኩ። የመዝገብ ቤት ቋንቋ ነው እንጂ ሰዎቹ ሞተዋል ማለቴ አልነበረም። አብዛኞቹ የልጃገረዶች ካርድ መሆናቸውን ያኔውኑ አይቻለሁ። "ከፍ ሲሉ ጤና ያገኛሉ ማለት ነው" ብዬም ደስ አለኝ። በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ሥራዬ በአርአያነት ተነሳና ተጨበጨበልኝ። በዚያ ዘመን ጭብጨባ ርካሽ ነበር፤ እኔን ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ ሲለኝ ሰነበተ።

ጎብኚዎቹ መጥተው በሄዱ በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ አራት ሰዎች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ከፊት ከፊታቸው ጨቅላ ያዘሉ፣ የገበሬ ማኅበር ደብዳቤ በእጃቸው የያዙ አሮጊት ይመራሉ። የሴትየዋ አማት ናቸው። ምራታቸው ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ ከያዛት ደግሞ አራት ቀን። አጠገቧ ስቆም ሙቀቷ በልብሷ ላይ ይሰማኛል።

"ካርድ አላት፣ እሜቴ?" አልኳቸው።

"የላትም፣ ልጄ። እግሯም ይህን ደጅ ረግጦ አያውቅ።"

ደብዳቤው ላይ ስሟ አለ፣ የማኅበሩ ማኅተም አለ። ስሙን ገልብጬ አዲስ ካርድ ጻፍኩላትና እኔው ራሴ ይዤው ገባሁ። ጤና ረዳቱ መረመሯት። ፊታቸው ጠቆረ። የወሊድ ትኩሳት ነው፣ ዛሬውኑ ካልተያዘ አታድርም አሉ።

"መርፌ ተወግታ ታውቃለች?" ብለው አማቲቱን ጠየቁ።

"ከቤቴ ከገባች ወዲህ አልተወጋችም።"

ፔኒሲሊን አዘዙ። መርፌ ወጊው ድሬሰር ስሪንጋውን ለመቀቀል ላምባ ምድጃው ላይ ውኃ ጣደ። አሮጊቷ አንድም ውሸት አልተናገሩም። "ከቤቴ ከገባች ወዲህ" ሲሉ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሰማ እንጂ ልቤ አልሰማም።

ሴትየዋ ውኃ ጠየቀች። በጣሳ አመጣሁላትና ልደግፋት ብዬ ራሷን ቀና ሳደርግ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሸ። ከግራ ጆሮዋ ሥር የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ አውራ ጣቴ ልክ እላዩ ላይ አረፈ። ጣቴ ከእኔ በፊት ዐወቃት። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ አባቷ ይዟት የመጣ የአሥራ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እግሯ ላይ ቁስል አመርቅዞባት። መርፌዋን ተወግታ ስትወጣ ከመስኮቴ ፊት ካለው አግዳሚ ሳትደርስ ወደቀች። ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። እኔ ራሷን ያዝኩ፤ ጤና ረዳቱ ሌላ መርፌ ወግተው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ከሞት አፍ መለሷት። ያን ለት በካርዷ ላይ በቀይ እርሳስ ሲያሰምሩ አጥብቀው ስለተጫኑት እርሳሱ መሐል ላይ ተሰበረ።

ሮጬ ጤና ረዳቱ ክፍል ገባሁ። "ይህችን ልጅ ፔኒሲሊን አይስማማትም!"

"ካርዷ ያንን ይላል?"

"ካርዷ አዲስ ነው። ጠባሳዋን ነው ያወቅኩት።"

ጤና ረዳቱ አዩኝ። ፊቴ ላይ ያለውን ድንጋጤ አልናቁትም፤ ግን ደግሞ አላመኑትም። "ሌላ መድኃኒት አለኝ፤ ለተስቦ ያስቀመጥኩት ነው። ለእሷ ከጀመርኩት ሁሉንም እጨርሰዋለሁ፣ ነገ የተስቦ በሽተኛ ቢመጣ ባዶ እጄን ነው የምቀበለው። በጠባሳ አልወስንም። ውኃው እስኪፈላና ስሪንጋው እስኪቀቀል ጊዜ አለሽ። ካርዱን አምጪልኝ።"

ባያምኑኝም አልከፋኝም፤ የተናገሩት ልክ ነው። ወደ አማቲቱ ተመለስኩ።

"እሜቴ፣ ከሰርጓ በፊት ስሟ ማን ነበር?"

እኒያ ጭምት አሮጊት በአንዴ ሌላ ሰው ሆኑ። "ምን ያደርግልሻል? ስሟን ነግሬሻለሁ። ደብዳቤው ላይ ማኅተም አለበት።"

"እሱ እርስዎ ያወጡላት ነው። የእናት የአባቷን ነው የምፈልገው።"

"እኔ ያወጣሁላት ስም ምን አጣ? ልጄ እኮ ናት!"

እኔም ተቆጣሁ። እንደዚያ ያለ ሰዓት ላይ ከአሮጊት ጋር እሰጥ አገባ ገጠምኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ውኃው እየፈላ ነው፣ እኔ እጨቃጨቃለሁ። በመጨረሻ አሮጊቷ ጨቅላውን በጀርባቸው ላይ አስተካከሉና ድምፃቸው ተሰበረ።

"ዘመዶቿን ልትጠሩ ነው? አበቃላት ማለት ነው? ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እናቷ ትሂድ ሲሉኝ፣ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ እኔው አርሳታለሁ ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አሁን ምን ብዬ ነው የምልክባቸው? አፈር ስሆን፣ መርዶ አታስይዥኝ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ለእሳቸው የእናት ቤት ስሟን መጥራት እናቷን መጥራት ነው፤ እናቷን መጥራት ደግሞ ሞቷን ማመን ነው። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማት ስም ታወጣላታለች። ስሙን የሚያወጡት ወደው፣ ቤቱን ትሙላው ብለው ተመኝተው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏም፣ ጎረቤቱም፣ የገበሬ ማኅበሩም በዚያው ይጠራታል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለምራት ግን መልአኩ አማት ናት። ይህን ለማወቅ ደግሞ መጽሐፍ አያስፈልገኝም ነበር። የራሴ አማት ከማንኩሳ ወዲያ ገጠር ናቸው፤ ስም አውጥተውልኛል። በመሥሪያ ቤት በአንዱ ስም፣ እሑድ እሳቸው ጋ ስሄድ በሌላው "አቤት" እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለት ስም ተሸክሜ ለሰው ሁሉ አንድ ካርድ ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ አልቆረቆረኝም።

እጃቸውን ያዝኩ። "ለመርዶ አይደለም፣ እሜቴ። እኔም አማቴ ስም አውጥተውልኛል። ልጅ ሆና እዚህ ታክማለች፤ የማይስማማት መድኃኒት በዚያ በልጅነት ስሟ ተጽፎ ተቀምጧል። ያንን ሳናይ ከወጋናት በእጃችን ትሞታለች።"

አሮጊቷ ግራ ቀኙን ቃኙ። ከዚያ ስሙንና የአባቷን ስም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ነገሩኝ።

ወደ መደርደሪያው በረርኩ። ሳጥኑን ገለበጥኩት፤ የለም። እንደገና አየሁ፤ የለም። ያኔ ስድስት ዓመቱን ቆጥሬ የት እንዳለ ዐወቅኩ። ካርዷን ከአርአያነት ጭብጨባዬ ጋር ዕቃ ቤት ወርውሬዋለሁ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ካርቶኖቹን እያንከባለልኩ አወረድኩ። አንዱን አይጥ በልቶታል፤ የእሷ እንዳይሆን ብዬ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም፤ የቋሪቷን ገበዘ ማርያምን ሳይቀር ጠራሁ። የፊደሏን እስር አገኘሁና ቃጫውን በጥርሴ በጠስኩት። ካርዶቹን አንድ በአንድ ስገልጥ ልጃገረድ ናት፣ ልጃገረድ ናት፣ አሁንም ልጃገረድ። አሥራ ሁለት ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ አሥራ አራት። ልጆቹ አልሞቱም፤ ጤና አግኝተውም አልቀሩም። ተድረው ነበር። በየወሩ በመስኮቴ በሌላ ስም ሲመጡ፣ እኔ ነኝ አዲስ ካርድ እየጻፍኩ ያለፈ ሕመማቸውን "የሞቱ" ብዬ ስቀብር የኖርኩት። በዚያች አቧራማ ክፍል ውስጥ እየፈለግኩ አለቀስኩ። የለቅሶዬ ግማሹ ፍርሃት ነበር፣ ግማሹ በራሴ ላይ ንዴት።

የእሷ ከእስሩ መጨረሻ ላይ ነበር። ቀዩ መስመር መሐሉ ላይ ተሰብሮ እንደገና ቀጥሏል፤ እርሳሱ የተሰበረበት ቦታ።

ስደርስ ድሬሰሩ መድኃኒቱን ስሪንጋው ውስጥ ስቦ፣ አየሩን እያስወጣ ነበር። ካርዱን በእጁና በእሷ መሐል ዘረጋሁት። ጤና ረዳቱ ተቀበሉኝ፣ መስኮቱ ጋ ሄደው አነበቡት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"የእኔ ጽሕፈት ነው" አሉ። መስመሩን በጣታቸው ነክተው፣ "አስታወስኳት" አሉና ወደ ድሬሰሩ ዞሩ። "ድፋው። ያንን የተስቦውን አምጣ።"

ሴትየዋ ከአራቱ አልጋዎቻችን በአንዱ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ በአምስተኛው ጨቅላውን አጠባች። የተስቦ በሽተኛም በዚያ ሰሞን አልመጣብንም፤ ጤና ረዳቱ ግን አዲሱ መድኃኒት እስኪደርስ ድረስ ቃሬዛ ባዩ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። እናቷ ተልኮባት መጣች። አሮጊቷ ከበሩ ላይ ተቀብለው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ እናትዮዋ ትከሻቸውን ይዛ አነሳቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች በየተራ ሲያስታምሙ አየሁ።

በሚቀጥለው የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ባለፈው ያጨበጨባችሁልኝ ሥራ ሰው ሊገድል ነበር አልኩ። ሰብሳቢው "ጓድ፣ ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው" ብሎ አስቀመጠኝ። ጤና ረዳቱ ግን በማግስቱ ጠሩኝና የሚመስለኝን እንዳደርግ ነገሩኝ። ካርቶኖቹን መለስኳቸው። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ከስሙ ሥር አንድ መስመር አሰመርኩና "የእናት ቤት ስም" ብዬ ጻፍኩበት። ካርዱ ባሁኑ ስሟ ይቀመጣል፤ በድሮ ስሟ ሳጥን ውስጥ ደግሞ "እዚያ ፈልጊ" የምትል ቁራጭ ወረቀት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለትዳር ሴት ሁሉ በመስኮቴ ስታልፍ እጠይቃታለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች፤ አንዳንዷ ዞር ብላ ማን እንደሚሰማ አይታ ነው የምትነግረኝ። አንዱ ባል "ሚስቴን ልታፋቺኝ ነው?" ብሎ ተቆጥቶኛል። ሰልፉ ረዘመ፣ ተማረሩብኝ። በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ፤ እኔ ደግሞ ስሟን ያልተናገረች ካርድ አይገኝላትም እያልኩ ጠየቅኩ።

አሁን ይህን ሁሉ ኮምፒዩተር በዓይን ጥቅሻ ያደርገዋል ይባላል። ሲያደርግም አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል፣ አይጥ አይበላውም። በቅርቡ ፍኖተ ሰላም ልታከም ሄጄ አንዱ ትሑት ወጣት ስሜን መታ መታ አደረገና "ከዚህ በፊት እኛ ጋ አልታከሙም፣ እማማ" አለኝ። "በየትኛው ስሜ ፈልገህ ነው፣ ልጄ?" አልኩት። ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ማሽኑ የነገሩትን ስም ይፈልጋል፤ ያልነገሩትን የሚጠይቀው ግን ያው መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው ነው።

ያቺ ሴት በዓመቱ ልጇን ለክትባት ይዛ መጣች፤ ወፍራ፣ አምሮባት። አማቷም አብረው ናቸው፤ ዓይናቸውን ጋርዷቸው ሊታዩ ነው። እሳቸው ካርድ ኖሯቸው አያውቅም። አዲስ አወጣሁና ስማቸውን ጠይቄ ጻፍኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ፣

"የእናትዎ ቤት ስምስ፣ እሜቴ?" አልኩ።

አሮጊቷ መስኮቱን በእጃቸው ደገፍ አሉት።

"ኧረ እሱንስ ተይው፣ ልጄ። በእሱ የሚጠራኝ ሁሉ አልቋል።"

"ለካርዱ ነው።"

ከኋላ የተሰለፉት ጉምጉም ማለት ጀምረዋል። ከዚያ ስሙን ተናገሩት፤ ቀስ ብለው፣ ልክ መሆኑን ራሳቸው እየሰሙ። እዚህ አልጽፈውም፤ ካርዱ ላይ ጽፌዋለሁ።

ምራቲቱ ልጇን እንዳቀፈች ዞር ብላ አየቻቸው። በአንድ ቤት ስንት ዓመት ኖራ ያን ስም ሰምታው አታውቅም። አማት በስም አይጠራም፤ ነውር ነው፤ እሷም ልትጠራቸው ብላ አይመስለኝም። በቃሏ ልትይዘው፣ ለራሷ፣ በሹክሹክታ ደገመችው።

አሮጊቷ ሳያስቡት ቀና አሉና፣ እንደ ልጅ ቀልጠፍ ብለው፣ "አቤት!" አሉ።